የድስቱ ወለል እስኪታይ

መቄዶንያ ውስጥ፣ ፕሪሌፕ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣
ቅጠሉ ሳይረግፍ በፊት ጭሱ ነው ብቅ የሚል።
ከየግቢው ይነሳል፣ ከየፎቁ ሥር፣
ቀይ ቃሪያ ሲለበለብ፣ ቆዳው ሲጠቁር።

እኛ ግቢ ምድጃው ከተጣለ ቆርቆሮ፣
የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ ነበረ ድሮ።
አሁን ሆዱ ውስጥ እሳት፣ አናቱ ላይ ቃሪያ፣
አጠገቡ በርጩማ፣ የክርስቴ ራኪያ።

ስፓሴንካ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደች በነጠላ ጫማ፣
ሽርጧ ላይ ያምናው እድፍ፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ።
«ቦጎያ!» ብላ ጮኸች፣ «ያን ጆንያ ተሸከም!
ከስትሩሚጻ የመጣ ነው፣ እንዲያው አይወረወርም።»

እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፣ የንጋት ተረኛ፣
ከሰዓት መተኛት ነበረብኝ፤ ግን ማን ይተኛ?
መስኮቴን ብዘጋው በቁልፉ ቀዳዳ
ይገባል ሽታው፣ ሳይጠራ እንደ መጣ እንግዳ፤
ትራሴ ላይ ይቀመጣል፣ ምራቄን ያስውጠኛል፣
«ተነስ አንተ» ይለኛል።

ወረድኩ።

ቃሪያው ያፏጫል፣ ይተነፍሳል፣
ባንድ ጎኑ ሲከስል በሌላው ይገላበጣል፣
ከዚያ ከረጢት ውስጥ ታስሮ በገዛ ላቡ ይታጠናል።
መግፈፍ የኛ ድርሻ ነው፤ ጥላሸቱ ጥፍር ሥር ይገባል፣
ጭማቂው በክንድ ይወርዳል።
ከጣፋጩ መሃል አንድ የሚያቃጥል አይጠፋም፤
ዓይኑን የሚነካ ሰውም አይጠፋም።

ክርስቴ በየዓመቱ ይህን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል፣
ኮቱ ኪስ ውስጥ ደበርጃን እንደ ሽጉጥ ሸሽጓል።
«ሁለት ብቻ» ይላታል፣ «እናቴ ታደርግ ነበር፤
ያለ ደበርጃን አይቫር፣ ያለ ጨው እንደ መኖር!»
«እናትህ» ትላለች ስፓሴንካ፣ ቢላዋ እየጠረገች፣
«ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች፤
ግን ቃሪያ ሲወደድባት ነው ደበርጃን የጨመረች!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ክርክሩ።
ፋብሪካው ተዘጋ፣ ልጆች ወደ ጀርመን በረሩ፣
ሰው ሞተ፣ ሰው ተፋታ፣ ያገር ስም ተቀየረ፣
የደበርጃኑ ነገር እንደ ድሮው ነበረ።
እኔም በልጅነቴ እዚሁ ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ፣
አንድ ዓመት ሳይጣሉ ቢቀሩ እፈራለሁ።

ቃሪያው ተፈጨ። ዘይቱ ጋለ። ትልቁ ድስት ተጣደ።
ቀኑ ከፎቁ ጀርባ ነጎደ፣ ግቢው በረደ፣
ማማሰያው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።

ማማሰል ነው፣ ማማሰል፣ አራት ሰዓት ማማሰል፣
ክንድ እስኪዝል፣ ወሬ እስኪያልቅ፣ ጨረቃ ብቅ እስክትል፤
ድስቱ ትክ ትክ እያለ ቀይ ጠብታ ሲተፋ፣
ክንዳችን ላይ ሲያርፍ፣ ስንሳደብ፣ ሳቁ ሲሰፋ።
ስፓሴንካ ማማሰያውን ከዳር እስከ ዳር፣
ትስበዋለች እንደ ሞፈር፤
ፈሩ መልሶ ከተዘጋ «ገና ነው» ትላለች።
ደግማ ትስባለች። ገና ነው።
ደግማ።

መንገዱ ተከፍቶ ቀረ፤
የድስቱ ወለል ታየ፣ ቀይ ባሕር እንደ ተከፈለ።
«ደርሷል» አለች። ከኛ መሃል ቃል የተነፈሰ አልነበረ።

ትኩሱን ዳቦ ላይ፣ ነጭ አይብ ከላዩ፤
ለዚያ ለመጀመሪያው ቁራሽ ስም የለኝም እኔ፣
ይጣፍጣል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ይወርዳል እስከ ጎኔ።
ክርስቴ ራኪያውን በተቃጠለ ስኳር አፍልቶ፣
በትንንሽ ብርጭቆ አደለን፣ ኩርፊያውን ረስቶ።
ሦስት ቁራሽ በላ፣ ጢሙን ጠረገ፣ ጥቂት አሰበና፣
«መልካም ነው» አለ፣ «ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።»
ስፓሴንካ ማማሰያውን አነሳች።

ስድሳ ጠርሙስ ሞላን። ቀዝቃዛ እንዳይነካቸው፣
የስፓሴንካ ብርድ ልብስ አደረ እነሱን አቅፏቸው፤
እሷ ምን ለብሳ እንዳደረች የጠየቀ የለም።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ አውቶቡሴን አስነሳሁ፣
ጥፍሬ እንደ ጠቆረ፣ እንቅልፌን እንደ ረሳሁ።
ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ወጡ፤
ሳንቲሙን ሰጡኝና ሳይቀመጡ፣
ኮቴ ላይ ያደረውን ጭስ በረዥሙ ማጉት።
«ስንት ጠርሙስ ወጣ?»
«ስድሳ።»
ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ደግመው አሸተቱ።
«ደበርጃን የለበትም» አሉ። «ጎሽ።»
ሄደው ከኋላ ተቀመጡ።